በሰንበት የሚያርፈው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ውድ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህችን ሰላምታ በየዕለቱ ስለምንሰማት ትርጉሟን ሳናስተውል እናልፋታለን። ጠዋት የተለየነውን ሰው ማታ ስናገኘው «እንዴት ዋልህ» እንለዋለን። ብዙ ቀን ያላየነውን ግን «እንዴት ሰነበትህ» ብለን እንጠይቀዋለን። «ሰነበተ» የሚለው ቃል የተገኘው «ሰንበት» ከሚለው ነው። ሰንበትን አለፈ፣ ከሰንበት እስከ ሰንበት ቆየ ማለት ነው። ስንለያይም «ደኅና ሰንብት» እንባባላለን። አባቶቻችን ዘመናቸውን የሚቆጥሩት በሰንበት ስለ ነበረ ቀኒቱ በሰላምታችን ውስጥ እንኳ ገብታ ቀርታለች። የምትማሩበት ክፍልም ስሙ «ሰንበት ትምህርት ቤት» ነው። እንግዲህ በዛሬው ትምህርታችን ሰንበት ምን እንደ ሆነች፣ እኛ ክርስቲያኖችስ እንዴት እንደምናከብራት እንማራለን።

ሰንበት ማለት ዕረፍት ማለት ነው። እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን፣ በውስጣቸውም ያለውን ሁሉ በስድስት ቀን ከፈጠረ በኋላ በሰባተኛው ቀን ዐረፈ፤ ቀኒቱንም ባረካት፣ ቀደሳትም (ዘፍ. 2፥2-3)። በዚህ ላይ ከልጆች አንዱ «እግዚአብሔር ይደክመዋል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር አይደክምም፣ አይታክትም (ኢሳ. 40፥28)። ዐረፈ ማለት መፍጠሩን ፈጸመ፣ የሠራውም ሥራ መልካም እንደ ሆነ ተመለከተ ማለት ነው። ዕረፍት የሚያስፈልገን እኛ ነን፤ እርሱም ቀድሞ ዐርፎ ሥርዓቱን አሳየን።

በሙሴ ሕግ ሰንበትን ማክበር ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው። ትእዛዙ በኦሪት ሁለት ጊዜ ተጽፏል። በመጀመሪያው ስፍራ የሚሰጠው ምክንያት አሁን የተናገርነው ነው፤ እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ስላረፈ (ዘጸ. 20፥8-11)። በሁለተኛው ስፍራ ግን ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ እናንተም በግብፅ አገር ባሪያዎች ነበራችሁ፣ ያንን አስቡ ይላቸዋል (ዘዳ. 5፥12-15)። እስራኤል በግብፅ ጡብ ይሠሩ ነበር። ዕረፍት ቢለምኑ ፈርዖን ሰነፋችሁ ብሎ ጭዱን ከለከላቸው፤ ጭዱን ራሳቸው እየለቀሙ የጡቡን ቁጥር ግን ሳያጎድሉ እንዲያስረክቡ አዘዘባቸው (ዘጸ. 5)። ጭቃ ከጭድ ጋር ሲቦካ ያየ ልጅ ይህ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ትእዛዙን በደንብ ካነበባችሁት የሚያርፉትን ሁሉ በየስማቸው ይቆጥራቸዋል። አንተ፣ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ወንድ አገልጋይህ፣ ሴት አገልጋይህ፣ በሬህ፣ አህያህ፣ ከብትህ ሁሉ፣ በደጅህ ያለው እንግዳ። ጌታው ዐርፎ ሠራተኛው ቢደክም፣ ባለቤቱ ቅዳሴ ሄዶ አህያው ጭነት ቢሸከም ሰንበት ተከበረች አይባልም። ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዚህ ዓለም ሲመላለስ ሰንበትን የሚያከብሩ ብዙዎች ነበሩ፤ አከባበራቸው ግን ሸክም ሆኖ ነበር። በአንዲት ሰንበት በምኩራብ ሲያስተምር ዐሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠች፣ ቀና ማለት የማትችል ሴት አየ። ጠርቶም ፈወሳት። የምኩራቡ አለቃ ተቆጣ፤ ሥራ የሚሠራባቸው ስድስት ቀናት አሉ፣ በእነርሱ መጥታችሁ ተፈወሱ አለ። ጌታም የመለሰለት ማንም ገበሬ የሚያውቀውን ነገር ነው። በሰንበት በሬውን ወይም አህያውን ከግርግሙ ፈትቶ ውኃ የማያጠጣ ማን ነው? እንስሳው ከተፈታ ይህች የአብርሃም ልጅ በሰንበት ቀን ከእስራቷ ልትፈታ አይገባምን? (ሉቃ. 13፥10-17)። በጣና ዳር ያደጋችሁ ልጆች ቅዳሜም እሑድም ከብቶች ወደ ባሕሩ ወርደው ሲጠጡ ታያላችሁ። ያ ሰንበትን መሻር አይደለም። በጉድጓድ የወደቀውን በግ ማውጣትም አይደለም (ማቴ. 12፥11)። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመውን መጻጉዕን (ዮሐ. 5)፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውንም (ዮሐ. 9) በሰንበት ፈውሶአቸዋል። ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረች እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም ብሎ ያስተማረው እርሱ ራሱ የሰንበት ጌታ ነው (ማር. 2፥27-28)።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰንበታት እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሰንበታትን ታከብራለች። የመጀመሪያዋ ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ ቅዳሜ የምንላት። ሰባተኛ ቀን ሆና ሳለ ስሟ «ቀዳሚት» መባሉ የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። ቀዳሚት የተባለችው ከሁለቱ ሰንበታት የምትቀድመው እርስዋ ስለ ሆነች ነው። ሁለተኛዋ ሰንበተ ክርስቲያን እሑድ ናት። እሑድ የሚለው ስም «አሐዱ» ማለትም «አንድ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ የሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ስለ ሆነች። እግዚአብሔር ብርሃንን የፈጠረባት፣ ጌታችንም ከሙታን ተለይቶ የተነሣባት ቀን ናት። ሐዋርያት በዚህች ቀን እየተሰበሰቡ ኅብስት ይቆርሱ ነበር (ሐዋ. 20፥7)። የሰንበት ክብር የሚጀምረውም ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሳይሆን በዋዜማው ማታ ነው።

ጌታ በመቃብር ያደረባትና የዋለባት ቅዳሜ ደግሞ ልዩ ናት። ሥጋው በመቃብር ዐረፈ። ቀኒቱን ቀዳም ሥዑር እንላታለን፤ ሥዑር ማለት የተሻረች ማለት ነው። በሌላ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ እህል ሳይቀመስ አይዋልም፣ ስግደትም የለም፤ በዐቢይ ጾም እንኳ ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን እንጂ በሰንበት እስከ ማታ አንጾምም። በዚያች በአንዲት ቅዳሜ ግን ስለሚጾም የተለመደው ሥርዓት ተሻረ ለማለት ሥዑር ተባለች። ያን ዕለት ካህናት እየዞሩ ለምለም ቄጠማ ሲያድሉ፣ እናንተም በራሳችሁ ላይ ስታስሩት ታስታውሳላችሁ። ቄጠማው የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሰረችው ርግብ በአፏ የያዘችውን ለምለም ቅጠል ያሳስበናል። በዚያ የሞት ውኃ ጎደለ፤ በዚህ ሞት ራሱ ተሸነፈ።

ይህ የሁለቱ ሰንበታት ሥርዓት በአገራችን እንዲሁ ያለ ድካም አልጸናም። ታሪኩ ረጅም ነው፤ እኛ ግን ከጣና አንዲት ደሴት ተነሥተን ብንከተለው ይቀለናል። ደሴቲቱ ዳጋ ናት። በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የቀደሙ ነገሥታት ዐፅም በክብር ተቀምጧል። ከእነርሱም መካከል ዐፄ ዳዊት ቀዳማዊ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲለደስ ይገኛሉ። ሦስቱም የሰንበት ነገር በዘመናቸው የደረሰባቸው ናቸው። (በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ዳጋ አይገቡም። እኅቶች ሆይ፣ አትዘኑ፤ ታሪኩን ለማወቅ ደሴቱን መርገጥ ግድ አይደለም፣ ከዚህ በታችም ስለ አንዲት ታላቅ እናት ትማራላችሁ።)

ከሦስቱ ነገሥታት አስቀድሞ በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የሚባሉ አባት ነበሩ። እሑድ ብቻ ሳትሆን ቀዳሚት ሰንበትም ትከበር ብለው አስተማሩ። በዚያ ዘመን ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ይህን አልተቀበሉትም፤ ቅዳሜን ማክበር ወደ አይሁድ ሥርዓት መመለስ ነው ብለው ያስቡ ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ትተው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል እስከ አርማንያ ተጓዙ፤ በዚያም ዐረፉ። በዓላቸው መስከረም 18 ቀን ይከበራል። ደቀ መዛሙርታቸው ከቤተ ክህነትና ከቤተ መንግሥት ተገፍተው በሰሜን በረሃና ተራራ ገዳማትን መሠረቱ። ከእነዚህ አንዱ ደብረ ቢዘን ነው፤ አባ ፊልጶስ የመሠረቱት። እርሳቸውም በዐፄ ዳዊት ዘመን ተይዘው ለአራት ዓመት ያህል ታሰሩ። በ1396 ዓ.ም. ግን ዐፄ ዳዊት እንዲፈቱ አዘዙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ቀዳሚትን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ከዚህ በኋላም ቢሆን አንዱ ወገን ሁለት ሰንበት፣ ሌላው አንድ ሰንበት እያለ ቤተ ክርስቲያን ተከፋፍላ ቆየች።

ያስታረቁት የዐፄ ዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በ1442 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደረገ። በጊዜው የነበሩት ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ወገኖችም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። አስተውሉ፤ ሁለቱም ወገኖች አንዳንድ ነገር ትተዋል። ክርክሩ አንድ መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ነው። ንጉሡ በጻፏቸው መጻሕፍትም፣ በተለይ በመጽሐፈ ብርሃን፣ ስለ ሰንበት አስተምረዋል።

አንድ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ፈተናው በራሱ በጣና ዳር መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። የኢየሱሳውያን መነኮሳት በጎርጎራ፣ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ተቀምጠው ነበር፤ ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል። ከሁሉ አስቀድሞ ሕዝቡን ያስቆጣው የቅዳሜ ነገር ነው። ቅዳሜ አይከበር፣ ይታረስ የሚል አዋጅ በተነገረ ጊዜ በጌምድር ላይ ዮናኤል የተባለ ሹም ዐመፀ። ገበሬው የሃይማኖት ሊቃውንት የሚከራከሩበትን ረቂቅ ነገር ሁሉ ላያውቅ ይችላል፤ ቅዳሜ ጠዋት በሬውን ጥመድ ሲባል ግን ምን እንደ ተወሰደበት ገባው። በዚያ ወራት እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ባሏን፣ የንጉሡን ባለሟል፣ ትታ መነኮሰች፤ ንጉሡንም ሳትፈራ የአባቶቿን ሃይማኖት መሰከረች። በጣና ዳር ማኅበራትን አቋቋመች፤ በምሥራቁ ዳርቻ በቆራጣ ያለው ገዳም በስሟ የሚጠራ ነው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ስለዚህ በዳጋ ያሉት ሦስቱ ነገሥታት አንዱ የፈቀደ፣ አንዱ ያጸና፣ አንዱ የመለሰ ሆነው ይታሰባሉ።

ታዲያ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ ነውን? ይህን ጥያቄ የውጭ አገር ሰዎች ጥንትም ይጠይቁን ነበር። በ1547 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖታቸውን ቃል በጽሑፍ ሲገልጡ መልስ ሰጥተውበታል። የመልሳቸው አሳብ እንዲህ ነው። አይሁድ በዚህ ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ ከቤት ወደ ቤትም አይሄዱም፤ እኛ ግን ቀኒቱን የምናከብራት ቅዱስ ቁርባን በማቅረብና የፍቅር ማዕድ በማዘጋጀት ነው፣ ሐዋርያት እንዳዘዙን። በእኛው አካባቢ፣ በጎንደርና በጣና ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ቅዳሜ እሳት ሳያነዱ፣ ዓርብ ያዘጋጁትን እየተመገቡ ይውሉ ነበር። ሥርዓታቸውን በትዕግሥት የጠበቁ ሰዎች ናቸው፤ በእነርሱ መሳቅ አይገባም። የእኛ አከባበር ግን መነሻው ሌላ ነው። የዐፄ ገላውዴዎስን ቃል ካስተዋላችሁ ሰንበት የምትከበረው ባልተሠራው ብቻ አይደለም፤ በተሠራውም ነው። ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ማዕድ ይቀርባል።

ያንን የፍቅር ማዕድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየደብሩ ቅጥር ግቢ ሰንበቴ አለ። ማኅበርተኞች ተራ ገብተው ዳቦና ጠላ፣ ቆሎና ንፍሮ ያቀርባሉ፤ ካህኑ ባርኮ ለሁሉም ይታደላል። በሰንበቴ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ነዳያን ድርሻቸውን ሳያገኙ ማዕዱ ሞላ አይባልም። ልጆች ብዙ ጊዜ ወደዚያ የሚሮጡት ለዳቦው ነው፤ ይሁን፣ ዳቦውም የተጋገረው ለዚያ ነው። ቀጥሎ ስትሄዱ ግን ዳቦውን ለነዳያን የምታድሉት እናንተ ሁኑ፤ አለቆቹ ደስ ብሏቸው ይፈቅዱላችኋል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ደረስን። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ብዙ ከተሞች ቅዳሜ የገበያ ቀን ናት። ገበሬው ቅዳሜ ስለማያርስ እህሉን ይዞ ይወጣል፤ ከዘጌ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይመጣ የነበረውም ለገበያ ነው። እንግዲህ ነቢዩ ነህምያ በሰንበት የኢየሩሳሌምን በሮች ዘግቶ ነጋዴዎችን በውጭ እንዳሳደረ ተጽፏል (ነህ. 13፥15-22)። እውነቱን ለመናገር የቅዳሜ ገበያ ከቀዳሚት ሰንበት ክብር ጋር በደንብ የሚስማማ ነገር አይደለም። ነገር ግን እናቱ ቅዳሜ ጎመንና ቲማቲም ሸጣ የምታሳድገው ልጅ ይህን ትምህርት ይዞ ቤት ገብቶ «እማዬ፣ ሰንበትን ሻርሽ» እንዲላት አንፈልግም። እርስዋ የምትሠራው ለእርሱ እንጀራ ነው። የእርስዋን ነገር የሚመክሯት የንስሐ አባቷ ናቸው። የልጁ ድርሻ ቅርጫቱን መሸከም፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ እናቱ እንድትተኛ ጎሕ ሳይቀድ ታናናሾቹን አልብሶ ወደ ቅዳሴ ይዞ መሄድ፣ እርስዋም ተነሥታ እንድትደርስ ማድረግ ነው።

ዓሣ አጥማጆችም ይጠይቃሉ። ዓርብ ማታ በጣና የተጣለ መረብ ቅዳሜ ይነሣል ወይስ አይነሣም? ቆሮሶው በመረቡ ውስጥ እንዳለ ቢውል ይበሰብሳል፤ የእግዚአብሔርን ፍጥረት በከንቱ ማጥፋትም በደል ነው። የሚሻለው ዓርብ መረቡን አለመጣል ነው። ሰንበት የምትጠበቀው ከዋዜማው ጀምሮ ነው ያልነው ለዚህ ነው፤ ሳያስቡ ገብተው በሰንበት ጠዋት ከመጨነቅ ዓርብ አስቦ ማደር ይሻላል። የቤት ሥራቸውን ሁሉ ወደ እሑድ ማታ የሚያከማቹ ተማሪዎችም ይህን ይስሙ። በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በእሑድ ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ከብት የሚያግድ እረኛ ግን ሰንበትን አልሻሩም፤ የጎበጠችውን ሴት የፈወሰ ጌታ ይህን አስተምሮናል። በዘጌ እንኳ ነገሩ ቀላል ነው፤ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት በዚያ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ በሬው ዓመቱን ሙሉ ሰንበት ነው!

ከላይ ያዙልኝ ያልናችሁን አሁን አውጡት። ሴት አገልጋይህ ትረፍ ይላል ትእዛዙ። በአንዳንዶቻችሁ ቤት ከገጠር መጥታ የምትሠራ ልጅ አለች። ምናልባት በዕድሜ ከእናንተ ብዙም አትበልጥም። እሑድ ጠዋት እናንተ ነጭ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ እርስዋ ምን ትሠራለች? ሽንኩርት ትልጣለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ እንግዳ ይመጣልና ቤት ትወለውላለች። ማታ ሁሉም ሲተኛ ሰሃን ታጥባለች። ሰኞ ደግሞ ከሁሉ በፊት ትነሣለች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰንበት ገባች ማለት አይቻልም፤ በደጅ ቆማለች። ለእስራኤል ግብፅን አስቡ የተባለውም ለዚህ ነው።

እናንተ ልጆች ስለ ሆናችሁ የቤቱን ሥርዓት አትወስኑም። ነገር ግን የምታደርጉት አለ። ቅዳሜ ውኃውን አብራችሁ ቅዱ። ዓርብ ከሰዓት ልብሳችሁን ራሳችሁ እጠቡ። ወላጆቻችሁን በትሕትና «እርስዋም ከእኛ ጋር ቅዳሴ ትምጣ» ብላችሁ ለምኑ። ከሰዓት በኋላ ሰሃኑን እናንተ እጠቡት። «ሰሃን ማጠብ በሰንበት ሥራ አይደለምን?» የሚል ብልጥ ልጅ ይኖራል። ሥራ ነው፤ ግን አንዱ ለአንድ ሰዓት ሠርቶ ሳምንቱን ሙሉ የደከመችውን ካሳረፈ፣ ያ በሬውን ፈትቶ እንደ ማጠጣት ነው። ወላጆች እንቢ ቢሉስ? አትቆጡ፤ ግን በሚቀጥለው ሰንበት ደግማችሁ ጠይቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ሰነበተ»፣ «ቅዳሜ» እና «እሑድ» የሚሉትን ቃላት ትርጉም ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

2. ቀዳም ሥዑር ለምን «የተሻረች» ተባለች?

3. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የኤዎስጣቴዎስ ወገኖች ምን ተቀበሉ? ጳጳሳቱስ?

4. ዘዳግም 5፥12-15ን ከወላጆቻችሁ ጋር አንብቡ። በትእዛዙ ውስጥ የተቆጠሩትን ሁሉ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት በእናንተ ቤት ወይም በጎረቤት ያ ማን እንደ ሆነ ጻፉ። በሚቀጥለው እሑድ ይዛችሁ ኑ።